ሕፃንና ሚዛን በላስታ ምድር

የላሊበላ ስም የሚጀምረው ከአራስ ቤት ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፣ በኋላ ዘመን አብያተ ክርስቲያናቱን ከአለት የፈለፈለው ንጉሥ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ ሕፃኑን ከበበው። እናቲቱም በዚህ ተደንቃ ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁለት ስትል ላሊበላ የሚለውን ስም አወጣችለት። የትውፊቱን ትርጓሜ ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ በታሪኩ ውስጥ የማንኛዋንም እናት ጠባይ እናገኛለን። ሕፃን ስለ ራሱ መናገር አይችልም። ስለዚህ በአጠገቡ ያለው ሁሉ፣ ለቅሶው፣ እንቅልፉ፣ ዓይነ ምድሩ፣ የጭኑ ሙላት፣ ሁሉም እንደ ምልክት ይነበባል።

እኔ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ወደዚህ ጉዳይ ያደረሰኝ የመጀመሪያ ልጄ መወለድ ነው። ልጁ ሲወለድ 3,100 ግራም ይመዝን ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን 2,900 ግራም ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔም የጎደለውን 200 ግራም በወረቀት ላይ ጽፌ ደጋግሜ እመለከት ጀመር። ላሊበላ አጠገብ ተወልደው ያደጉት አማቴ ግን ወረቀቱን ገፋ አድርገው፣ «ይህ ሚዛን ልጁን መቼ ያውቀዋል?» አሉ። ቀጥለውም አንጀቱ እንዲለሰልስ ጥቂት ለጋ ቅቤ ጣል እንድናደርግለት ጠየቁ። በመሠረቱ ሦስታችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ልጁ ጠግቧል ወይስ አልጠገበም?

በዚያ ቀን የአማቴን ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር አልፌው ነበር። በኋላ የሕፃን ሚዛንን ታሪክ እየተከታተልሁ ስሄድ ግን ጥያቄው የምርምር ሰዎች ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይተው የደረሱበት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ለሙያ ጓደኞቼ ማካፈል ነው።

ሚዛን ባልነበረበት ዘመን

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ የቆመው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ብርድና ገደል በበዛበት የገብስ አገር፣ አንዲት አራስ ምክር የምትጠይቀው ከእናቷ፣ ከጎረቤቶቿና ከልምድ አዋላጇ ነበር። እነዚህ ሴቶች ሚዛን ባይኖራቸውም መለኪያ አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ሕፃኑ ጡት ሲይዝ የሚውጥበትን ድምፅ ያዳምጣሉ። እርግብግቢቱ ጎድጉዶ እንደ ሆነ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። የዓይነ ምድሩን ቀለም ይመለከታሉ። ዛሬ የሕፃናት ሐኪምም የሚመረምረው እነዚህኑ ምልክቶች ነው።

ችግሩ ምልክቱን በማየት ላይ አልነበረም፤ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ሕፃኑ ተቅማጥ ሲይዘውና ሲያስመልሰው ምክንያቱ እንጥሉ ነው ተብሎ ይቆረጥ ነበር፤ ወይም ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ከድዱ ውስጥ ተፈልጎ ይነቀል ነበር። ሆዱን ሲቆርጠው ጤና አዳም ተዘፍዝፎ ይሰጠው ነበር። ጥቁሩ የመጀመሪያ ዓይነ ምድር ቶሎ እንዲወጣለት ለጋ ቅቤ ያስውጡታል፤ የአብሽ ውሃ ያቀምሱታል። ወፍራምና ብጫ የሆነውን የእናቲቱን የመጀመሪያ ወተት፣ ማለት እንገሩን፣ የቆየና የተበላሸ ነው ብለው አልበው የሚደፉም ነበሩ። ጥጃ እንገር ሳይጠባ እንደማይጠና የሚያውቅ ገበሬ በገዛ ቤቱ ለልጁ ይህንኑ ሲነፍግ ማየት ያስገርማል። ዛሬ እንደምናውቀው እንገር መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ንጥረ ነገር የሞላበት ነው። ጥቁሩን ዓይነ ምድር ጠርጎ የሚያወጣውም እርሱ ነው። ስለዚህ ቅቤው እንዲሠራው የታሰበውን ሥራ እንገሩ አስቀድሞ ይሠራው ነበር።

ከሁሉም ይልቅ መሐንዲስን የሚስበው «ወተቴ አነሰ» የሚለው የእናቶች ሥጋት ነው። የእናት ጡት አንድ ጊዜ ሞልቶ የሚጎድል ጎተራ አይደለም፤ በተቀዳ ቁጥር የሚመነጭ ምንጭ ነው። ሕፃኑ በጠባ መጠን ወተቱ ይመረታል፤ ሳይጠባ በቀረ መጠን ይቀንሳል። እናቲቱ ፈርታ ቅቤ ወይም ውሃ ወይም የጣሳ ወተት ስትጨምርለት፣ ልጁ ሆዱ ስለሚሞላ ጡቱን በጥቂቱ ይጠባል። ጡቱም ያነሰ ተጠየቅሁ ብሎ ያነሰ ያመርታል። በዚህ ዓይነት መጀመሪያ እውነት ያልነበረው ሥጋት፣ ከሥጋቱ በተወሰደው እርምጃ ምክንያት እውነት ይሆናል።

ሆኖም ልማዱን ሁሉ በአንድነት መኰነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ልማዱ እናቲቱን ያከብራል። አራሷ ከሥራ ታርፋለች፤ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ተልባውና አብሹ ለእርሷ ይዘጋጃል። ክርስትናው እስኪደርስ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ጾም አይጠየቅባትም። ለሕፃኑ በቀጥታ የሚሰጠው ነገር ሲጎዳ፣ በእናቲቱ በኩል የሚሰጠው ግን ይጠቅም ነበር። ይህን ልዩነት በኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ እንዲያስታውሰው ይሁን።

ሚዛኑ እንዴት መጣ

ሕፃናትን በየጊዜው እየመዘኑ መከታተል በዓለምም ቢሆን የቆየ ልማድ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ቡዳን እ.ኤ.አ. በ1892 በፓሪስ ጤነኛ ሕፃናት በየሳምንቱ እየመጡ የሚመዘኑበትንና እናቶች ስለ ጡት ማጥባት የሚመከሩበትን አገልግሎት ከፈተ። ለገጠር የተስማማው መሣሪያ ግን የሞላ ሚዛን ነው። አሠራሩ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሞላ በተሰቀለበት ክብደት ልክ ይሳባል። ከዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከቤት ወጋግራ ላይ ይንጠለጠላል፤ በቅሎ ይሸከመዋል፤ መብራት አያሻውም።

በአገራችን ጉዳዩ መልክ የያዘው ከስዊድን መንግሥት ጋር በተደረገ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1962 የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ሲቋቋም ነው። ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀው «ፋፋ» የተባለው የሕፃናት ምግብ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። ስሙ ራሱ የእናቶችን ምኞት ይናገራል፤ ልጅ ይፋፋ እንጂ ሌላ ምን ይፈለጋል? በዚያው ዘመን ሐኪሙ ዴቪድ ሞርሊ በምዕራብ ናይጄሪያ ባደረገው ሥራ፣ የልጁ ክብደት በየወሩ በነጥብ ተመዝግቦ በመስመር የሚያያዝበት ካርድ ተስፋፋ። ካርዱ ከሐኪም ቤት መዝገብ ወጥቶ በእናቲቱ እጅ መቀመጡ ትልቅ ለውጥ ነበር። የአንድ ቀን ክብደት ትንሽ ነገር እንደሚናገርና የመስመሩ አቅጣጫ ብዙ እንደሚናገር ለሁሉም የታየው በዚህ ካርድ ነው።

ላስታ ግን መንገድ ያልበዛባት አገር ነበረች። በዚያ አካባቢ ብዙ እናቶች የሕፃን ሚዛንን መጀመሪያ ያዩት በደኅና ቀን አልነበረም፤ በክፉ ቀን ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኀብ ካለፈ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1977 ዓ.ም. ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ የተሰደደው ሕዝብ በኮረም ሜዳ ላይ ሰፈረ። በዚያን ዘመን በመመገቢያ ጣቢያዎች ልማድ ልጁ በሞላው ሚዛን ላይ ይንጠለጠላል፤ ቁመቱም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይለካል። ክብደቱ ቁመቱ ከሚጠይቀው ከ80 በመቶ በታች ከሆነ ይገባል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይመለሳል። ምግቡ ለሁሉ ስለማይበቃ ሌላ መላ አልነበረም። ነገር ግን ልጇ በጥቂት ግራም «ስለ በለጠ» ወደ ውጭ የተመለሰባት እናት ስለ ሚዛን ምን ታስብ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ሚዛን ለእርሷ የመከታተያ መሣሪያ አልነበረም፤ ዳኛ ነበር።

የመለኪያው መለኪያ

አሁን ወደ አማቴ ጥያቄ እንመለስ። ሚዛን ልጁን አያውቀውም፤ ኪሎውን ብቻ ይናገራል። ኪሎው በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ፍርድ የሚሰጠው በካርዱ ላይ የታተመው መስመር ነው። መስመሩስ የማን ልጅ ነው?

መጀመሪያ በብዙ አገር ይሠራበት የነበረው መስመር በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ከተለኩ ልጆች የተወሰደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የወጣውና ከዚያ ወዲያ የዓለም ጤና ድርጅት ለዓለም ሁሉ የተቀበለው መስመር ደግሞ፣ የሕፃናቱን ክፍል የወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1975 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ከተለኩ ልጆች ነው። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ያደጉት በጡጦ ነበር። በጡጦ ያደገ ልጅና ጡት ጠብቶ ያደገ ልጅ ደግሞ የሚፋፉበት ጊዜ ይለያያል። ጡት የሚጠባ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥኖ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች አንድ አስገራሚ ነገር አስተዋሉ። ጡት ብቻ የሚጠቡ ጤነኛ ሕፃናት ከሦስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ በካርዱ ላይ ሲታዩ ወደ ታች ያዘነብላሉ። ልጆቹ አልታመሙም፤ የተጣመመው ማስመሪያው ነበር። ከዚህ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት ጠብተው በመልካም ሁኔታ ያደጉ ልጆችን አስለካ፤ አዲሱንም መስመር እ.ኤ.አ. በ2006 አወጣ። የስድስቱ አገር ልጆች ጡት ከጠቡና ተገቢውን እንክብካቤ ካገኙ ዕድገታቸው እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ።

ለመሐንዲስ የሚደንቀው የስሕተቱ ጠባይ ነው። ለወንድ ልጅ በሦስተኛ ወሩ አሮጌው መስመር 6.0 ኪሎ ሲል አዲሱ 6.4 ይላል። በዐሥራ ሁለተኛ ወሩ ግን አሮጌው 10.2 ሲል አዲሱ 9.6 ይላል። እንግዲህ ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያደላ አልነበረም፤ መካከል ላይ ምልክቱን የሚለውጥ ስሕተት ነበር። አሮጌው ካርድ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ እናቲቱ ስለ አጠባቧ እርዳታ በሚያስፈልጋት ጊዜ፣ «ደኅና ነው» እያለ ያልፋት ነበር። በኋለኞቹ ወራት ደግሞ ልጁ በተፈጥሮው ቀስ ሲል «ወተትሽ አልበቃውም» እያለ ያስደነግጣት ነበር። በዚህ ድንጋጤ ምክንያት ስንት ጡጦ ያለ ጊዜው እንደ ተገዛ ማን ይቆጥረዋል?

የማስመሪያው ለውጥ በአገራችን ቁጥር ላይም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 52 በመቶ የቀነጨሩ፣ 47 በመቶ ክብደታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። እነዚያው ልጆች በአዲሱ መስመር ሲሰሉ የቀነጨሩት 58 በመቶ፣ ክብደታቸው ያነሰው 41 በመቶ ሆኑ። ልጆቹ እነርሱው ናቸው፤ ሚዛኑም ያው ነው፤ የተለወጠው ማመሳከሪያው ብቻ ነው። በአዲሱ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሮቹ ወደ 38 እና ወደ 24 በመቶ ወርደዋል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን በዚያው ጥናት በአማራ ክልል የቀነጨሩት 46 በመቶ እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም።

ሚዛኑ ወደ መንደር ሲገባ

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲዘረጋ፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ ሁለት ሁለት ሠራተኞች ተመደቡ። ሠራተኞቹ የዚያው አካባቢ ሴቶች በመሆናቸው፣ ቅቤው ለምን እንደሚሰጥ ያውቃሉ። እናቲቱን ሳይዘልፉ ሊያስተዋት የሚችሉትም ስለዚህ ነው። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል ኪዳን የተሰየመው በላስታ ጎረቤት በሰቆጣ ነው። የ1977ቱ ረኀብ ከመታቸው አገሮች አንዷ የዚህ ዓይነት ቃል መታሰቢያ መሆኗ ተገቢ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላስታ ሲደርስና በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያህል በቀላሉ ሊፈርስ እንደሚችልም አይተናል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የእናቲቱ ማዕድ ጉዳይ አለ። በመጠኑ የተጎዳች እናት እንኳ ወተቷ በመጠንም በጥራትም ብዙ አይቀንስም። ሰውነቷ ከራሱ እየቀነሰ ለልጁ ይሰጣል፤ ዕዳውን የምትከፍለው እርሷ ናት። ክርስትናው ካለፈ በኋላ ብዙ እናቶች በዓመት ከ180 ቀን በላይ ወደሆነው ጾም ይመለሳሉ። የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካክራ ማዕዷን እንድትጠብቅ ማድረግ፣ ለልጁ ከሚገዛ ከማናቸውም ጣሳ ይበልጣል። አስቀድሜ አንባቢ እንዲያስታውሰው ያልሁት ልዩነት ይህ ነው። ከስድስት ወር በታች ለሆነ ልጅ የሚሰጥ ምግብ ሁሉ መግቢያው በእናቲቱ በኩል ነው።

መሣሪያውን በልኩ ማወቅ

በመጨረሻ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። በገጠር የሚሠራበት የሞላ ሚዛን እስከ 25 ኪሎ የሚለካና በየ100 ግራም የተከፈለ ነው። ሞላ የሚለካው የመሬትን ስበት ስለሆነ፣ በአውሮፓ ቆላ የተስተካከለ ሚዛን በላሊበላ ከፍታና በምድር ወገብ ቅርበት ምክንያት ጥቂት አሳንሶ ያሳያል። ሆኖም ይህ ለአምስት ኪሎ ሕፃን ከ20 ግራም አይበልጥምና የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው የክፍፍሉ ስፋት ነው። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል። ይህን በ100 ግራም ክፍፍል በየቀኑ ማየት አይቻልም። በየቀኑ የሚመዝን ሰው የሚያነበው የልጁን ዕድገት ሳይሆን የመርፌውን መንቀጥቀጥ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ሚዛኑን ባዶውን ዜሮ ላይ አድርጎ፣ ልጁን ያለ ልብስ መመዘን ይበቃል።

ከሚዛን ወደ ሚዛን ባለው ጊዜ ግን የአያቶቻችን ዓይን ሥራውን ይቀጥል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ጠብቶ በራሱ ጊዜ ጡቱን የሚለቅ፣ ዓይነ ምድሩ ከጥቁር ወደ ብጫ የተለወጠ ልጅ ጠግቧል። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ በቀን ብዙ ጊዜ ቢወጣ፣ ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ ለጥቂት ቀናት ሳይወጣ ቢቆይና ዓይነ ምድሩ ለስላሳ ቢሆን፣ ድርቀትም ተቅማጥም አይደለም። ጠብቶ ጥቂት ቢያቀረሽም በሽታ አይደለም። ነገር ግን ጡት እንቢ ያለ፣ የደከመ፣ ያተኮሰው፣ እርግብግቢቱ የጎደጎደ፣ ሽንቱ የቀነሰ፣ ወይም ዓይነ ምድሩ ላይ ደም የታየ ልጅ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የልደት ክብደቱን ያልመለሰም እንዲሁ።

የእኔ ልጅ በአምስተኛው ቀን የቀነሰው ከ7 በመቶ በታች ነበር። አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል በጊዜው አላውቅም ነበር። አንዲት ነርስ መጥታ የልጁን አያያዝ አስተካከለች፤ አፉ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ክፍል ጭምር እንዲጎርስ አሳየችን። ቅቤም የጣሳ ወተትም አልተሰጠውም። አማቴ ለልጁ ያሰቡትን ቅቤ በልጃቸው ገንፎ ላይ አፈሰሱት። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ልጁ 3,150 ግራም ሆነ። ቁጥሩን ስነግራቸው አማቴ የልጁን ጭን ዳሰስ አድርገው፣ «እኔስ ትናንትና አውቄው ነበር» አሉ። እኔም አላስተባበልኋቸውም።